ዋሴ ኮበለለች

በቅሎ ጭኖ የማያውቅ ሰው ስለ ሲራራ ንግድ ሲያወራ ስሰማ ሳላርመው አላልፍም። ጉራ አይምሰላችሁና በእኔ ዘመን ከድባጤ እስከ አሶሳ ባለው መንገድ ከእኔ የተሻለ ጭነት የሚያስር እጅ አልነበረም። ቢኖርም እኔ አላየሁትም፤ ያላየሁትን ደግሞ አለ ብዬ አልመሰክርም። እንግዲህ ይህን ያህል የተካነ ሰው እንዴት በነጠላው ጫፍ ከአንድ ነጭናጫ ሽማግሌ ጋር ታስሮ፣ በርበሬ በትከሻው ተሸክሞ፣ እያስነጠሰ ቆላውን አቋረጠ ብትሉኝ፣ ጥፋቱ የእኔ አይደለም። የዋሴ ነው። ዋሴ ደግሞ በቅሎ ነበረች።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ጊዜው የንጉሠ ነገሥቱ ጦር አሶሳ ላይ ከሰፈረ ገና ብዙ ያልቆየበት ነው። ደገኛ ወታደር ቆላ ወርዶ ያለ በርበሬ ወጥ ሲበላ ከሰነበተ ጠባዩ ይለወጣል፤ ከጓደኛው ይጣላል፣ አለቃውን ይገላምጣል። ስለዚህ ከደጋ በርበሬ ጭኖ የሚወርድ ነጋዴ አሶሳ ላይ እንደ ሙሽራ ነበር የሚጠበቀው። እኔም እርሻ አልስማማኝ ብሎ (ጎረቤቶቼ እኔ ነኝ ለእርሻው ያልተስማማሁት ይላሉ፤ የጎረቤት ነገር ይታወቃል) በዚያ በጋ ከአንድ ነጋድራስ ሲራራ ጋር ልግባ ብዬ ተነሳሁ። ያለኝ ሀብት ወለላ የምትባል በቅሎ ብቻ ነበረች። እሷን ይዤ ጭነት ነጂ ነኝ፤ እሷን ካጣሁ የሰው ማሳ አራሚ ነኝ። በመካከሉ ሌላ መቆሚያ አልነበረኝም።

ሰው ጌታ ከመያዙ በፊት መጠየቅ አለበት፤ እኔም ጠየቅሁ። መጀመሪያ ያገኘሁት ሐሚድን ነው። ሐሚድ የአሶሳ አገር ሰው፣ በርታ ነው፤ ለነጋድራሱ አህያ ይነዳል፣ መንገድም ይመራል። አማርኛን የተማረው ገበያ ላይ ስለሆነ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ዓይን ያያል።

“ነጋድራስ ጥሩ ሰው ነው፣ ወላሂ” አለኝ። “በግ ያርዳል። ሥጋ ብዙ፣ ሳቅ ብዙ። ሚስቴ ራሱ ‘ሂድ ከነጋድራስ ጋር፣ ወፍረህ ትመጣለህ’ ይላል።”

ደስ ብሎኝ ስሄድ አያ ፈንታን አገኘሁ። አያ ፈንታ ከዚሁ ነጋድራስ ጋር ሲወርድ ሲወጣ ጠጉሩ የሸበተ የጎጃም ሰው ነው።

“ኧረ ተው አንተ ልጅ! ምን ልሁን ብለህ ነው?” አለኝ። “ሥጋ? የምን ሥጋ! እኔ የእሱን ቆሎ ስቆረጥም ነው ጥርሴ ያለቀው። ሰውየው ሰው አይደለም። እግሬን አየኸው? ይኼ እግር ነው?”

እግሩን አየሁት። እግር ነበር።

ግራ ቢገባኝ ሦስተኛ ሰው ያዝኩና “ነጋድራሱ ምን ዓይነት ሰው ነው?” አልኩት። “ረጅም ነው” ብሎኝ መንገዱን ቀጠለ። ሄጄ ሳየው አጭር ሆኖ አገኘሁት።

የሥጋው ነገር የገባኝ በኋላ ነው። ነጋድራሱ ሲራራው በሰፈረበት ሁሉ በግ ያሳርዳል፤ ነገር ግን አንድ ቀን ቢላዋውን ለእስላሞቹ ይሰጣል፣ በሌላው ቀን ለክርስቲያኖቹ። አንዱ ወገን ሲበላ ሌላው ቆሎውን ይቆረጥማል። ሐሚድ የሚያስታውሰው የራሱን ተራ ነው፤ አያ ፈንታም የሚያስታውሰው የሐሚድን ተራ ነው።

ነጋድራሱ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ከሰው ዓይኑን የማይነቅል ሰው ነበር። “ዋስህ ማን ነው?” አለኝ። ዋስ የሌለው ሰው ሲራራ አይገባም፤ ጭነቱን ይዞ ጫካ ቢገባ ማን ይጠየቃል? እኔ ደግሞ አጎቴን ዋስ ሁነኝ ብዬ ለምኜው “ላንተ ከምዋስ ለደመና ብዋስ ይሻለኛል” ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ቀና ብዬ “ዋሴ በቅሎዬ ናት፣ ጌታዬ” አልኩ።

ነጋድራሱ ወለላን አያት። ወለላም አየችው። ወደዳት መሰለኝ።

“ጭነቱ አሶሳ ሳይደርስ ብትጠፋ በቅሎዋ የእኔ ናት” አለኝ።

“ይሁን!” አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። እኔ የምጠፋ ሰው አይደለሁማ። እሷ ትጠፋለች ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

ከዚያ ጭነቱ በዕጣ ተከፈለ። በዚያ ሲራራ ደንቡ እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱ ነጂ ጠጠር ወይም ስንጥር ይሰጥና አንድ ፊቱን አዙሮ የቆመ ሰው ተቀብሎ በየጭነቱ ላይ ያኖረዋል። ጠጠርህ የወደቀበት ጭነት እስከ አሶሳ ያንተ ነው፤ መለወጥም ማልቀስም የለም። ለሐሚድ አቡጀዴ ጨርቅ ደረሰው፣ ለአያ ፈንታ አሞሌ ጨው። የእኔ ጠጠር ሁለት ትልልቅ የዛላ በርበሬ ስልቻዎች ላይ አረፈች። ብድግ ባደርጋቸው እንደ ገለባ ቀለሉኝ። ዕድሌን ሳመሰግን አያ ፈንታ በአሞሌው ላይ ተቀምጦ ነጋድራሱንም፣ ጨው የሚቆረጥበትንም አገር፣ ጨው ወዳድ የሆነውንም የሰው ልጅ ሁሉ ይረግማል።

አሁን ወደ ችሎታዬ ልመለስ። ጭነት እንዲህ ነው የሚታሰረው፦ ጉልበትህን በአጋሰሱ ሆድ ላይ ታደርጋለህ፣ ጠፍሩን ጥርስህ እስኪንቀጫቀጭ ትስባለህ። አሞሌ ከላላ እርስ በርሱ ተጋጭቶ ይሰበራል፤ ስለዚህ እኛ ደገኞች ጠበቅ አድርገን ማሰር ክብራችን ነው። በርበሬውንም እንደዚያው አሰርኩት። አያ ፈንታ አይቶ “ኧረ አላላው! አሞሌ እኮ አይደለም፤ ይደቅቃል!” ብሎ ጮኸ። ይሁን እንጂ አያ ፈንታ በዚያ ጠዋት በፀሐይዋ አወጣጥ፣ በውሃው ጣዕምና በራሱ ጫማም ላይ ጮኾ ስለነበር ማንም ልብ አላለው። እኔማ ጭራሽ አንድ ዙር ጨመርኩበት።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ወለላ በተራመደች ቁጥር ዛላው በስልቻው ውስጥ ይደቅቃል። የደቀቀው በስልቻው ስፌት ይተናል። እኔ ከፊት ነበርኩና የተነነው ሁሉ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። መጀመሪያ አንድ ሰው አስነጠሰ፤ “ይማርህ” አልን። ከዚያ ሌላው፤ ከዚያ ሁሉም። ይማርህ የሚለው ራሱ እያስነጠሰ ስለሆነ ለማን እንደሚባልም ጠፋ። አህዮቹ ሳይቀሩ ጀመሩ።

“አህያ ሲያስነጥስ ዛሬ አየሁ” አለ ሐሚድ፣ እንባው እየወረደ። “አልሐምዱሊላህ፣ ዕድሜ ጥሩ ነው።”

ነጋድራሱ ወደ ኋላ አዛወረኝ። እኔ ኋላ ስሆን ነፋሱ ዞረ። እንደገና ወደ ፊት አዛወረኝ፤ ነፋሱም ተከተለኝ። ዓባይ እስክንደርስ ድረስ ያናገረኝ ሰው የለም፤ ለመናገር አፍ የሚከፍት ሰውም አልነበረም።

ዓባይን የምንሻገረው ጭነቱን በበሬ ቆዳ ጠቅልለን፣ እያንሳፈፍን ነው። ዋናተኞች ቆዳውን ይገፋሉ፣ አጋሰሶቹ ይዋኛሉ፣ የቀረው ሰው ደግሞ አዞ እንዲፈራ ይጮኻል። በመጮኽ አያ ፈንታን የሚያህል አልነበረም። በርበሬው ምንም ሳይሆን ተሻገረ። ወለላም ስትዋኝ ሳያት ኩራት ተሰማኝ። የረሳሁት አንድ ነገር ነበር። ጭነቱን በማጥበቄ የደቀቀው በርበሬ ሁሉ ጀርባዋ ላይ ከተነጠፈው ጨርቅ ሥር ገብቶ ጠጉሯ ውስጥ ተቀምጧል። ደረቅ ሳለ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ውሃ ሲነካው ነቃ።

ወለላ ከማዶ ወጣች። አንድ አፍታ ቆመች፤ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጠፈች። ከዚያ ከእናቷ ሆድ ከወጣች ጀምሮ ሮጣ በማታውቀው ሩጫ ወደ ቀርከሃው ጫካ ገባች። የምናየው ቀርከሃው ሲወዛወዝ ብቻ ነበር። በኋላ እሱም አቆመ።

“ዋስህ ኮበለለ” አለኝ ነጋድራሱ፣ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ። “ሌላ ዋስ ጥራ።”

በዚያ በረሃ ማንን ልጥራ? ሐሚድ ሰማይ ሰማይ ያያል። ሙግት ገጠምን። ሙግት ደግሞ ዳኛ ይፈልጋል፤ የመንገድ ዳኛ የሚሆነው አላፊ አግዳሚው ነው። በዚያን ሰዓት አንድ መልእክት የያዘ ወታደር ወደ አሶሳ እየገሰገሰ ደረሰ። “በሕግ አምላክ!” ብለን ያዝነው። እሱ ግን ቸኩሏል፤ እየሄድኩ ልዳኝ አለ። ስለዚህ ነጋድራሱም እኔም በግራና በቀኙ ዱብ ዱብ እያልን ተሟገትን።

“ዋሱ ኮብልሏል፤ ሰውየው በምን ይያዝልኝ?” አለ ነጋድራሱ።

“ዋሴ አልኮበለለም!” አልኩ እያለከለክሁ። “ታሞ ነው! ጀርባውን ታሞ ሕክምና ፍለጋ ሄዶ ነው!”

“ይኼ ዋስ አገሩ ወዴት ነው?” አለ ወታደሩ ሳይቆም።

“በቅሎ ናት፣ ጌታዬ።”

ያን ጊዜ ቆመ። ነጋድራሱን አየ፣ እኔን አየ፣ በርበሬው ሸተተውና አስነጠሰ። “ተቆራኙ!” ብሎ ፈረደና መንገዱን ቀጠለ።

ቁራኛ ማለት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላ ለነጠላ ተቋጥረው ዳኛ እስኪለያቸው አብረው የሚሄዱበት፣ የሚቀመጡበት፣ የሚተኙበት ነው። ቋጠሮውን የፈታ ሰው ጥፋተኛ መሆኑን በገዛ እጁ መሰከረ ማለት ነው። ነጋድራሱ ሲራራውን የሚመራ ስለሆነ ወኪል አቆመ። ማንን? አያ ፈንታን።

“አላልኩህም?” አለኝ አያ ፈንታ ነጠላው ከነጠላዬ ሲቋጠር። “ሰውየው ሰው አይደለም አላልኩህም? የአንተ በቅሎ ጠፋች፣ የምታሰረው እኔ!”

ትርፍ አጋሰስ ስላልነበረ በርበሬውን በቀርከሃ አንጠልጥለን፣ አንዱን ጫፍ እሱ ሌላውን እኔ ተሸከምን። አሞሌ የጫነውን አጋሰስ ሐሚድ ከአህዮቹ ጋር ነዳለት። እኔ አጭር ነኝ፣ እሱ ረጅም፤ ስልቻዎቹ ሁልጊዜ ወደ እኔ ይንሸራተታሉ። ሲራራው ጥሎን ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ነገር አልረሳውም። ሁለት ሰዎች በአንድ ቋጠሮ ታስረን፣ በአንድ መንገድ፣ አንድ ሸክም ተሸክመን እንሄዳለን። አንድ ዛፍ ሥር እናርፋለን፤ እኔ “እንዴት ያለ ጥላ ነው!” እላለሁ፣ እሱ “እንዴት ያለ ጉንዳን ነው!” ይላል። እውነት ነው፣ ጥላም ነበረ ጉንዳንም ነበረ። ከወንዝ ስንጠጣ እኔን ቅዝቃዜው፣ እሱን ጭቃው ይታወቀናል። ነጋድራሱ ማር በቅል አስቀምጦልን አልፎ ነበር። እኔ ማሩን ስልስ እሱ ሰፈፉን እየተፋ “ሰፈፍ ነው የሚያበላን!” ይላል። ሽንት ሲመጣብንማ... ይኼንን እንተወው። ብቻ አንዳችን ሲፈልግ ሌላችን በሩቅ ተራራ ይማረክ ነበር።

መንታ መንገድ ላይ ስንደርስ አፈሩ ላይ ኮቴ አየሁ። ግራ የፊት እግሯን ትንሽ ወደ ውጭ ትጥላለች፤ የወለላ ኮቴ ነው። የሚያመራው ወደ አንድ የበርታ መንደር ነበር። እስከዚያ ድረስ ስቀልድ የመጣሁት ፈርቼ ነው እንጂ ሌላ አይደለም፤ ያቺን በቅሎ ውርንጭላ ሳለች ነው በእጄ ሣር ያበላኋት። እሷን ጥዬ አሶሳ መግባት ለእኔ ራሴን ጥዬ መግባት ነበር።

“አያ ፈንታ፣ በዚህ እንሂድ።”

“አይሆንም። አሶሳ ተብለናል፣ አሶሳ እንሄዳለን።”

ጎተትኩት። ጎተተኝ። ነጠላው ተንጣጣ። የሽማግሌ ጉልበት አትናቁ። ያን ጊዜ እግዜር ብልሃት ሰጠኝ። “እውነትህን ነው” አልኩና ተነፈስኩ። “ለካ ነጋድራሱ ከመንገድ እንዳትወጡ ብሏል። እሱ ከከለከለ ምን ይደረጋል?”

አያ ፈንታ ቆመ። ጢሙ ተነሳ።

“ማን ነው የሚከለክለኝ?” አለ። “እኔን? በየት በኩል ልርገጥ ብዬ እሱን ላስፈቅድ?” እያለ ወደ መንደሩ ይጎትተኝ ጀመር። እኔ ነኝ ቀስ በል ያልኩት።

ወለላ ከአውድማ ዳር ዛፍ ላይ ታስራ አገኘናት። ጀርባዋ ዘይት ተቀብቶ ያብለጨልጫል። ሳቅፋት ዓይኗን ወደ ሌላ አዞረች፤ አኩርፋለች። የአውድማው ባለቤት ሼኽ ሙሳ የሚባሉ፣ ደጋ ወጥተው የነገዱ የበርታ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ሰው በነጠላ ታስሮ፣ በርበሬ ተሸክሞ፣ እያስነጠሰ ደጃቸው ሲቆም ምንም አልጠየቁንም። መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ የማሽላ ገንፎ አቀረቡልን። በልተን ስንጨርስ ነው ነገሩን ያነሱት።

“በቅሎ ያንተ ነው? እሺ” አሉኝ። “በቅሎ መጣ፣ ማሽላ በላ። ብዙ በላ። ጀርባው ተቃጥሎ ነበር፣ ሰሊጥ ዘይት ቀባሁት። ዘይት ለአላህ ነው፣ ዋጋ የለም። ማሽላው ግን የልጆች ነው። ማሽላ መልስ፣ በቅሎ ውሰድ።”

ማሽላ ከየት ላምጣ? በርበሬው የእኔ አይደለም። “ነጋድራሱ ከአሶሳ ይልክልዎታል” አልኩ።

“ዋስ ማን ነው?”

ዋሴ ራሷ ዋስ ያስፈልጋት ጀመር። “ነጋድራሱ ነው ዋሷ” አልኩ በልበ ሙሉነት። “እሱን የመሰለ ሰው የለም፣ አባቴ! ደግ ነው፣ አዛኝ ነው፣ ቃሉ ወርቅ ነው!”

ሼኹ አዳመጡኝና “አንተ ከእሱ ጋር ስንት ዓመት ሆነህ?” አሉ።

“ከ... ድባጤ ጀምሮ።”

ፊታቸውን ወደ አያ ፈንታ አዞሩ። “አንተ ሽማግሌ ነህ። እሱን ታውቃለህ። ምን ዓይነት ሰው ነው?”

በዚያ አገር ሁሉ ሰው ሞልቶ የወለላ ዕጣ በአያ ፈንታ አፍ ላይ ወደቀ። ነጠላውን ጎተት አደረግሁ፤ በዓይኔ ለመንኩት። አያ ፈንታ ግን ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው የነበረ ጥያቄ ነበር የተጠየቀው።

“ሰውየው ሰው አይደለም!” ብሎ ጀመረ። “ይስሙኝ፣ አባቴ። አንዴ ከገበያ ስንመለስ የሌላ ሰው የሆነች አንዲት የቅቤ ቅል ከጭነታችን ጋር ተቀላቅላ ተገኘች። ወንዝ ተሻግረን ነበር። ሲራራውን በሙሉ መልሶ አሻገረን! ለአንዲት ቅል!”

“ቅል ለባለቤቱ ተመለሰ?” አሉ ሼኹ።

“ተመለሰች እንጂ! የሚያናድደኝ እሱ አይደለም እንዴ! ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ጓደኛችን በንዳድ ሞተ። ዕቃውን ለሚስቱ ካላደረስኩ ብሎ ስንትና ስንት ዳገት አስወጣን። ገበያው አመለጠን። ሴትዮዋን አላውቃትም፤ ቁጭ ብለህ አልቅስ ተባልኩ!”

“አለቀስክ?”

“ምን ላድርግ? ታሳዝናለች።” አያ ፈንታ አፍንጫውን ጠረገ፤ በርበሬው ይሁን ሌላ አላውቅም። “ደግሞ አንድ ዓይነ ስውር ሽማግሌን ስመለስ ጨው አመጣልሃለሁ ብሎት በሌላ መንገድ ተመለስን። ቃል ገብቻለሁ ብሎ ጨውን ላከ። ማን ተላከ? እኔ! ለብቻዬ! በዚህ እግሬ!”

እኔ ተስፋ ቆርጬ ወለላን ለመጨረሻ ጊዜ አየኋት። ሼኽ ሙሳ ግን ተነስተው የበቅሎዋን ገመድ ፈቱና በእጄ ላይ አኖሩት።

“ይሄ ሰው ማሽላዬን ይመልሳል” አሉ።

አያ ፈንታ ወደ እኔ ዞረ። “እንዴ! እኔ ምን ተናገርኩ?”

ጀርባዋ ላይ ወፍራም ሣር አነጠፍኩ፤ በርበሬውንም ላላ አድርጌ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ ጫንኩ። አሶሳ ስንገባ ወታደሮቹ እየዘፈኑ ተቀበሉን። ነጋድራሱ በርበሬውን አስረከበ፣ ወለላን ጆሮዋን ዳሰሰ፣ ክሱን ትቶ ቋጠሯችንን በገዛ እጁ ፈታ። በቅሎዬ በቅሎዬ ሆነች። ምሳ ቀርቦ ነበር፤ እጄን ታጠብኩ።

“ጌታዬ” አለ አያ ፈንታ መሬት መሬት እያየ። “አንድ ነገር አለ። በስምህ ተዋስን።”

“ለማን?”

“ለአንድ ሼኽ። በቅሎዋ የበላችውን ማሽላ ልንመልስ።”

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። “መቼ ትመልሳላችሁ አላችሁ?” አለ ብቻ።

“ኧረ ቀን አልቆረጥንም!” አልኩ ፈጠን ብዬ፣ ወደ ምሳው እየቀረብኩ።

“ቀን ካልተቆረጠ ዛሬ ነው” አለ ነጋድራሱ። ከገበያ ማሽላ አስመጣ፣ ከበላችው አትርፎ ስልቻውን አስሞላ፣ ወለላ ላይ አስጫነ። እጃችን በውሃ እንደ ራሰ፣ ሆዳችን ባዶውን፣ የመጣንበትን መንገድ ተያያዝነው።

ከከተማው ወጣ ስንል አልቻልኩም፤ ፈነዳሁ። “ይኼ ምን ዓይነት ሰው ነው? አንድ ጉርሻ እንኳ ሳያስቀምሰን? ሰውየው እኮ ሰው አይደለም! በእኛ ላይ...”

አያ ፈንታ መሐል መንገድ ላይ ቆመ። ዱላውን መሬት ላይ ተከለና ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

“አንተ ልጅ” አለኝ፣ “አፍህን ያዝ። እሱን ለማማት ገና ነህ።”